ተቀመጡ ወይስ ጋደም አሉ? በጥንት አይሁድ ማዕድ ላይ የተነሳ ክርክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን ተምራ መጣች፤ ሽቱ ይዛ ወደ ፈሪሳዊው ስምዖን ቤት ስለገባችው ሴት። ጌታ በማዕድ ተቀምጧል። ሴትየዋ ግን ከበስተኋላው፣ እግሩ ዘንድ ቆማ እያለቀሰች እግሩን በእንባዋ ታርሳለች፣ በጠጉሯ ታብሳለች። ልጄ ወንበሯን ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሳበች፣ እግሯን ከሥሩ ዘረጋችና ከኋላዋ ቆሜ እግሯን እንድነካ አዘዘችኝ። ጎንበስ ብዬ ብንጠራራም እጄ የደረሰው የወንበሩ እግር ጋ ነው። መሬት ላይ እግሯን አጣጥፋ ስትቀመጥ ደግሞ ባሰ፤ እግር የሚባል ነገር ከነጭራሹ ጠፋ።

እኔ እስከዛሬ የጥንት አይሁድ ማዕድ ከእኛው ብዙም አይለይም ብዬ ነው የኖርኩት። እጅ ይታጠባሉ፣ ታላቅ ሰው ይባርካል፣ አንድ ሳህን ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ እንጀራቸውን እያጠቀሱ ይበላሉ። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ጌታና ደቀ መዛሙርቱ አሥራ ሦስቱም በረጅም ጠረጴዛ በአንድ ወገን የተደረደሩበትን የመጨረሻ እራት ሥዕል የሠዓሊ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ለልጅ የሚሆን መልስ አጣሁ። በማዕድ ተቀመጠ ሲል፣ እንዴት ነበር የሚቀመጡት?

ይህን ዓርብ ማታ ለጥፌ ተኛሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከሃያ በላይ መልስ ተደርድሮ ነበር፤ አንዱ የራሴው ነው። የጸሐፊዎቹን ቃል ሳልገለብጥ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። ስድብ ብቻ የነበረበትን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 1

ከቀልደኛ የመጣ ነው። ሴትየዋ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ይሆናል የሚል ግምት ጥሎ ሄደ። ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

መልስ 2

የታሪክ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው በትሕትና ሰፋ አድርገው ጻፉ። በሮማውያን ዘመን የግብዣ ማዕድ ትሪክሊኒየም በሚባል አቀማመጥ ይሰናዳ እንደነበር አስረዱ፤ ሦስት መደብ በሦስት ጎን፣ መሐሉ ላይ ዝቅ ያለ ገበታ፣ አራተኛው ጎን ለአሳላፊው ክፍት። ተጋባዡ በግራ ጎኑ ጋደም ብሎ ክርኑን ትራስ ላይ ያስደግፍና በቀኝ እጁ ይበላል። ራሱ ወደ ገበታው፣ እግሩ ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ ከበስተኋላ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እግር ነው። ሴትየዋ መንጠራራት አላስፈለጋትም።

በዚህ አላበቁም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ንም እንዲሁ እንዳነበው መከሩኝ። በግራ ጎን የተጋደሙ ሰዎች ተከታትለው ሲተኙ፣ በስተቀኝ ያለው ጀርባውን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ራሱን ወደኋላ ቢያዘነብል ደረቱ ላይ ያርፋል። ጌታ ይወደው የነበረው ደቀ መዝሙር ደረቱ ላይ የተጠጋው በዚህ መንገድ ነው፣ ጴጥሮስም ራቅ ብሎ ስለነበር በምልክት ለመጠየቅ የተገደደው ለዚህ ነው ብለው ደመደሙ። ለልጄም ሰላምታ ላኩላት።

መልስ 3

ዲያቆን ነኝ ያለ ወጣት ደግሞ ከሁሉም ያስደነቀኝን ነገር አመጣ። ግዕዙ ተቀመጠ አይልም፣ ረፈቀ ነው የሚለው፤ ትርጉሙም ለማዕድ ጋደም ማለት፣ ጎን ማሳረፍ ነው አለ። በገዳማት መነኮሳት አብረው የሚመገቡበት ቤት ምርፋቅ የተባለውም ከዚያው ግስ ወጥቶ ነው። ቃሉ ጋደም ማለትን ይዞ ቀረ፣ መነኮሳቱ ግን ዛሬ ተቀምጠው ነው የሚበሉበት። አማርኛው ላይ ሲደርስ ተርጓሚዎቹ ተቀመጠ ማለታቸውን አልነቀፈም።

እኔም አልነቅፋቸውም። በእኛ ቤት ጋደም ብሎ የሚበላ ሰው ወይ ታማሚ ነው ወይ ያልተቀጣ ነው። ጌታ በማዕድ ተጋደመ ብሎ ለሕዝብ ማንበብ ቀላል አይደለም። ግን ምርፋቅ የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ከየት እንደመጣ አለመጠየቄ ገረመኝ።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። የጻፉት ሰው ጋደም ማለት የአሕዛብ ልማድ እንጂ የእስራኤል አይደለም ብለው ጀመሩ። የዮሴፍ ወንድሞች እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ። ንጉሥ ሳኦል በግድግዳው አጠገብ ባለው መቀመጫው ተቀመጠ፣ የዳዊትም ስፍራ ባዶ ነበር (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 20)። ይስሐቅ እንኳ ዓይኑ ፈዝዞ በተኛበት፣ ያዕቆብ ቀና ብሎ ተቀምጦ ከአደኑ እንዲበላ ነው የለመነው። ጋደም ብለው የሚበሉትንማ ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የሚተኙ፣ ከመንጋው ጠቦት የሚበሉ ብሎ ወዮ አለባቸው። እኔንና መልስ 2ን ብሉይን ሳያነቡ ሐዲስን የሚፈቱ አድርገው ገሠጹን።

መልስ 5

አንዲት ሴት በአጭሩ አስታረቀች። ጥቅሶቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ ዘመኑ ግን ሌላ ነው። አሞጽ የነበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእሱ እስከ ስምዖን ቤት ግብዣ ያለው ርቀት ከእኛ እስከ ንጉሥ ላሊበላ እንዳለው ነው፤ በላሊበላ ዘመን የነበረ ሰው እንዴት እንደበላ የዛሬውን የእኛን ሞሰብ አይቶ የሚናገር አለ ወይ ስትል ጠየቀች። የጥንት አይሁድ ብለን ስንጠይቅ የትኞቹን እንደሆነ መለየት አለብን ማለቷ ነው። ጥፋቱ የእኔ ጥያቄ ላይ ነበር፣ ተቀብያለሁ።

መልስ 6

የመልስ 4 ጸሐፊ ተመለሱ። ታዲያ እስራኤል መብላትን ከግሪክ ተማረ ማለት ነውን ብለው ተቆጡ።

መልስ 7

ኢየሩሳሌም የሚኖር፣ የአይሁድን የቃል ሕግ የተማረ ሰው ገባ። ከተማረ አይቀር እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የፋሲካን ማታ ሲደነግግ፣ በእስራኤል ያለ የመጨረሻ ድሃ እንኳ ጋደም ሳይል እንዳይበላ፣ ከምጽዋት ማዕድ የሚበላ ቢሆንም ከአራት ጽዋ ወይን እንዳያንስበት ያዛል። ልማዱ ከግሪክና ከሮም መምጣቱን አልካደም። ነገር ግን በዚያ ዓለም ጋደም ብሎ የሚበላ ጨዋ ነው፣ ባሪያ ቆሞ ያሳልፋል። ከባርነት የወጣንበትን ሌሊት የምናስብ ከሆነ እንደ ጨዋ እንጋደም ነው ነገሩ። የተቀዳው ልማድ ለራሳቸው ታሪክ መናገሪያ ሆነ።

ከዚያ ቶሴፍታ በሚባለው ጥንታዊ ስብስብ ውስጥ ያለውን የግብዣ ሥርዓት ዘረዘረ። እንግዶች ገብተው መጀመሪያ በአግዳሚና በወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም እስኪሰበሰብ። ውኃ ይቀርብና አንድ እጃቸውን ብቻ ይታጠባሉ፣ ጽዋ የሚያዘው በአንድ እጅ ነውና። ወይን ይቀዳላቸዋል፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይባርካል። የምግብ መክፈቻ የሚሆኑ ጥቃቅን ነገሮች ይቀርባሉ። ቀጥሎ ወደ መደቡ ወጥተው ይጋደማሉ፤ አሁን ሁለቱንም እጅ ይታጠባሉ፣ እንደገና ወይን ይቀዳል፣ በዚህ ጊዜ ግን አንዱ ለሁሉም ይባርካል። መክፈቻው ሦስት ጊዜ ካለፈ በኋላ የመጣ እንግዳ መግባት አይፈቀድለትም። በኢየሩሳሌምም ደጃፍ ላይ ጨርቅ ይዘረጋ ነበር፤ ጨርቁ እስካለ እንግዳ ይገባል፣ ከተነሳ በቃ።

ስለዚህ መልስ 4ም መልስ 2ም ልክ ናቸው፤ በአንድ ማታ ተቀምጠውም ተጋድመውም ይበላሉ አለ። ሚሽናው ራሱ ተቀምጠው ከበሉ እያንዳንዱ ለራሱ ይባርካል፣ ከተጋደሙ አንዱ ለሁሉም ይባርካል ብሎ ይለያል። ተቀምጠው ሲበሉ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ሲጋደሙ ነው አንድ ማዕድ የሚሆኑት።

ይህን ሁለቴ አነበብኩት። የልጄ ጥያቄ ስለ እግር ነበር፣ መልሱ ስለ አብሮነት ሆኖ መጣ። ደጃፍ ላይ ስለሚዘረጋው ጨርቅም ሳስብ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ሲኖር በሁለተኛው ዙር ላይ የሚደርሱት አጎቴ ትዝ አሉኝ። ኢየሩሳሌም ቢሆን ጦም ያድሩ ነበር።

መልስ 8

ከዚያ ይህቺ እህት ጻፈች፤ ለእኔ የውይይቱ ልብ እሷ ናት። ቤተ እስራኤል ነች። ጎንደር አካባቢ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ በዘጠኝ ዓመቷ እስራኤል ገብታለች። በመንደራቸው ፋሲካ ሲደርስ የዓመቱ ሸክላ ተሰባብሮ አዲስ ይሠራ እንደነበር፣ በጉ ታርዶ በቂጣ ይበላ እንደነበር ታስታውሳለች። ኦሪት በግዕዝ ነበራቸው፣ ሚሽናና የእሱ ማብራሪያ የሆነው ታልሙድ ግን አልደረሳቸውም።

እስራኤል በገቡ በመጀመሪያው ፋሲካ ለመጤዎች በተዘጋጀ አዳራሽ ተቀመጡ። ሳህኑ ላይ አንድ የተጠበሰ አጥንት አለ። አያቷ በጉ የት እንዳለ ጠየቁ። መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት ስለማይታረድ አጥንቱ መታሰቢያ መሆኑ ተነገራቸው። አያቷ አጥንቱን ገልበጥ አድርገው አይተው ዝም አሉ። ቀጥሎ አስተናባሪው ትራስ አደለና ወደ ግራ ዘንበል እንዲሉ አሳየ። አያቷ ትራሱን አጣጥፈው መልሰው ሰጡት። ዘጸአት ምዕራፍ 12 ወገባችሁን ታጥቃችሁ፣ ጫማችሁን ተጫምታችሁ፣ በትራችሁን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ብሉት ነው የሚለው፤ መንገደኛ ጋደም አይልም ብለው ነበር ምክንያታቸው። ያን ማታ ሙሉ አያቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በሉ። አሁን እሷ ራሷ ልጆቿን ዘንበል ታሰኛለች። ግን በየዓመቱ ትራሱን ስታነሳ የአያቷ እጅ ይታያታል።

መልስ 9

የመልስ 7 ጸሐፊ አያቷን በአክብሮት አነሳቸው። ሚሽናው ራሱ የግብፅን ፋሲካና የትውልድን ፋሲካ ይለያል፤ በችኮላ መብላት የታዘዘው ለዚያች ለግብፅ ሌሊት ብቻ ነው ይላል። ሆኖም አያቷ የያዙት የኦሪቱን ቃል እንደሆነና ማንም ሊወቅሳቸው እንደማይችል ጻፈ። በዚህ ውይይት ላይ አንድ ሰው ለሌላው ቦታ ሲለቅ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

መልስ 10 እና 11

ስለ አቀማመጥ ይበቃል፣ ምን ይበሉ ነበር የሚል ጥያቄ መጣ። ወዲያው ሌላው መለሰ፤ ከሁሉ በፊት እንጀራ። እንጀራ መብላት ማለት ምግብ መብላት ማለት ነው፣ እንደ እኛው። የድሃው ገብስ ነው፣ ያለው ሰው ስንዴ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 አንድ ሰቅል አንድ መስፈሪያ የስንዴ ዱቄት ወይም ሁለት መስፈሪያ ገብስ ይገዛል። ጌታ ያበረከታቸው አምስቱ እንጀራ የገብስ ናቸው፤ የልጅ ስንቅ ነበርና። ለወፍጮም ሕግ ነበረው፤ ዘዳግም ምዕራፍ 24 ወፍጮ ወይም መጁን በመያዣነት መውሰድን ይከለክላል፣ የሰውን ሕይወት መያዝ ነውና። ወፍጮና መጅ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ሳይተረጎምለት ይገባዋል።

መልስ 12

አንዲት ጸሐፊ ከሚሽና የጋብቻ ክፍል የሚስት ቀለብ የሚለውን አወጣች። ባል ሚስቱን በሌላ ሰው እጅ የሚቀልብ ከሆነ በሳምንት ከዚህ እንዳያንስ፤ ሁለት ቃብ ስንዴ ወይም አራት ቃብ ገብስ፣ ግማሽ ቃብ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሎግ ዘይት፣ አንድ ቃብ ደረቅ በለስ። አንድ ቃብ ከአንድ ሊትር ከሩብ ትንሽ ይበልጣል፣ ሎግ የቃብ ሩብ ነው ብላ ስታሰላው ስንዴው ወደ ሁለት ኪሎ፣ ዘይቱ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ሆነ።

መልስ 13

አንድ ቀልቃላ ወይንና ሥጋው የት ሄደ ሲል ጮኸ። በዚህ ቀለብ ሚስት ሳትሆን መነኩሲት ነው የምትኖረው አለ። መልስ 4 ደግሞ የቅዱሳን አባቶች ሕግ መሳለቂያ አይደለም ብለው ተቆጡ፤ ለሰባት መስመር ያህል ሁለቱ ተባባሉ።

መልስ 14

የቀለቡን ዝርዝር ያመጣችው ሴት ሁለቱንም አስቁማ ያላነበቡትን ጨመረችላቸው። ቁጥሩ የመጨረሻ ዝቅተኛው ነው፣ እንደ ባሏ ክብር ይጨመርላታል። በተጨማሪም በሳምንት ለግሏ የሚሆን ትንሽ ብር ይሰጣታል፣ በየሰንበቱ ማታ፣ ማለትም ዓርብ ሲመሽ፣ ደግሞ አብራው ትበላለች። ሕግ አውጪዎቹ በርቀት የሚቀልብ ባልን እንኳ ሰንበት ማታ ከሚስቱ ጋር በአንድ ማዕድ እንዲገኝ አስገደዱት። ሥጋውም ወይኑም ያን ማታ ነው የሚገኘው ብላ ገመተች። ግምት መሆኑን ራሷ ተናግራለች።

መልስ 15 እና 16

እጅ መታጠብ ላይ አንዱ እኔን ደግፎ ማስታጠቢያና ኩስኩስት ይዞ የሚዞረውን የቤታችንን ልጅ ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጋር አገናኘው። ወዲያው አንዲት የአርኪዮሎጂ ተማሪ አረመችው። የፈሪሳውያን መታጠብ ለእድፍ አልነበረም፣ ለመንጻት ነው፤ እጁ የጸዳ ሰውም ይታጠባል። ማስረጃዋ ድንጋይ ነው። በኢየሩሳሌም መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ምዕራፍ ከነጭ የኖራ ድንጋይ የተጠረበ ስኒ፣ ሳህንና ጋን በብዛት ይገኛል። ሸክላ ከረከሰ መሰበር አለበት ይላል ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11፤ ድንጋይ ግን በሊቃውንቱ ሕግ አይረክስም። በቃና ሠርግ የነበሩት ስድስቱ ጋኖች የድንጋይ መሆናቸውን ዮሐንስ የጻፈው በከንቱ አይደለም አለች።

እሷው ሌላም ጎዳችኝ። አንድ ሳህን ዙሪያ የሚለውን ግምቴን ይዛ ወደ ሙት ባሕር ወሰደችኝ። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው ሳይሆን የመጀመሪያው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ ኤሴናውያን ስለሚባሉት የአይሁድ ወገን ሲጽፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበው በዝምታ ይቀመጣሉ፣ ጋጋሪው እንጀራውን በተራ ያድላል፣ ወጥ ቤቱ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ወጥ በአንድ ሳህን ያቀርባል፣ ካህኑ ሳይጸልይ ማንም አይቀምስም ይላል። በሙት ባሕር ዳር ባለው የኩምራን ፍርስራሽም ከመመገቢያው አዳራሽ ጎን በነበረ ክፍል ከ1,000 በላይ የሸክላ ዕቃ ተደርድሮ ተገኝቷል። ለየብቻ ሳህን ያላቸው ሰዎች ናቸው። ኤሴናውያን መቀመጣቸውን ሲሰሙ መልስ 4 በደስታ ሦስት የእሳት ምልክት ለጠፉ።

መልስ 17 እና 18

ሥጋና ወተት ላይ የተጀመረው ክርክር ረጅም ነበር፣ አሳጥረዋለሁ። አንዱ አብርሃም በማምሬ ለሦስቱ እንግዶች እርጎ፣ ወተትና ጥጃ በአንድ ላይ አቅርቦ እያለ የዛሬው መለየት ከየት መጣ ብሎ ወነጀለ። የኢየሩሳሌሙ ሰው ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ መጻፉን፣ ሊቃውንቱም አጥሩን እያሰፉ መሄዳቸውን አስረዳ። ሂሌልና ሻማይ በሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ስም በተጠሩት ቤቶች ዘመን ክርክሩ የዶሮ ሥጋና አይብ በአንድ ገበታ ይቅረቡ ወይስ አይቅረቡ የሚል ነበር፤ ሻማይ ይቅረቡ ግን አብረው አይበሉ አሉ፣ ሂሌል መቅረብም የለባቸውም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሂሌል አቅላዩ ነው፣ እዚህ ግን አጥባቂ ሆኖ ተገኘ።

መልስ 19

እዚህ ላይ የጉርሻ ነገር ተነሳ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቦዔዝ ሩትን ወደ ማዕዱ ጠርቶ ቁራሿን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ ሲነግራት፣ የተጠበሰ እሸትም በእጁ ሲሰጣት ጉርሻ ነው አልኩ። ጌታም ለይሁዳ ቁራሹን አጥቅሶ መስጠቱ እንዲሁ።

መልስ 20

መልስ 5ን የጻፈችው ሴት በዚህ ተናደደች፤ ከመጀመሪያው ጨዋነቷ ምንም አልቀረም። እኔን መሰሎች የሰውን ሁሉ ታሪክ ወደ ራሳቸው ጓዳ ካልጎተቱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም አለች። ቦዔዝ አቀበላት እንጂ አላጎረሳትም፤ ይሁዳ ሰላሳ ብሩን ከተቀበለ በኋላ የተሰጠችውን ቁራሽ የፍቅር ጉርሻ ማድረግም አስቂኝ ነው። ስለ አቀበላት ልክ ነች። ስለ ይሁዳ ግን አልቀበላትም። ያ ቁራሽ የሚከብደው በፍቅር የተሰጠ ስለሆነ ነው፤ ከአንድ ወጭት ያጠቀሰ ሰው ነው የከዳው።

በመሐል አንድ ሥጋ ነጋዴ ገብቶ የያዕቆብ ልጆች ሹልዳ እንደማይበሉ ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ላይ መጻፉን አስታውሶ፣ ዛሬ እሱ ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ሹልዳ እንደሆነ ነገረን። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 21

የአርኪዮሎጂዋ ተማሪ በአምባዛ ተመለሰች። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት የተከለከለ ነው፤ አምባዛም ቅርፊት የለውም፤ በእኛም አገር ጣና ዳር ይበላ አይበላ የሚያከራክረው ለዚህ ነው። ዮናታን አድለርና ኦምሪ ሌርናው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ግን በይሁዳ ነገሥታት ዘመን በኢየሩሳሌም ሳይቀር የአምባዛ አጥንት በብዛት ተገኝቷል፤ እጅግ እየቀነሰ የሄደው ወደ ሮማውያን ዘመን ሲቃረብ ነው። የተጻፈውና የተበላው ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም ማለት ነው። መልስ 4 ይህን ሲያነቡ ከውይይቱ መውጣታቸውን አስታውቀው ወጡ።

መልስ 22

የቤተ እስራኤሏ እህት ስለ ሰንበት ጻፈች። በመንደራቸው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ ሰንበት ሙሉ ቀዝቃዛ ምግብ ነው የሚበላው፣ በረከቴ የሚሉት ዳቦ በቄሱ ተባርኮ ይቆረሳል። እስራኤል ስትመጣ ጎረቤቶቿ ዓርብ የጣዱት ድስት ቅዳሜ እየተነነ ሲወጣ አይታ ደነገጠች። እሳቱ ቀድሞ የተለኮሰ እስከሆነ ድረስ ድስትን አሙቆ ማቆየት ሚሽናው ራሱ በዝርዝር የሚፈቅደው ነገር እንደሆነ ኋላ ተማረች። እናቷ ግን እስካሁን ሰንበት ላይ ትኩስ አይቀምሱም።

እኔ እስከዚህ አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩና ልጄን ጠራኋት። ምንጣፍ ዘረጋን፣ ትራስ አመጣን፣ ዝቅተኛዋን የቡና ረከቦት ገበታ አደረግናት። ጋደም ስትል ከኋላዋ ቆምኩ፤ ጣቶቿ ቁርጭምጭሚቴን ነኩኝ። ልጄ ሳቀች። ከዚያ ግን ተነስታ ጥያቄዋን ጨመረች፤ በግራ ክርን ከተደገፉ እሷ በምን እጇ ትብላ? ልጄ ግራኝ ናት። ይህንኑ ለጠፍኩት።

መልስ 23

የኢየሩሳሌሙ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰ። በታልሙድ በቀኝ ጎን መጋደም መጋደም አይባልም፤ ምግቡ ወደ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል ብለው ሰግተዋል። ኋላ የመጡት የሕግ ሊቃውንት ደግሞ ግራኙም እንደ ሌላው በግራ ጎኑ ይጋደም ብለዋል። ስለዚህ ልጄ በቀኝ እጇ መብላት ይኖርባታል፤ ማዘኑንም ገለጸላት።

ልጄ ፍርዱን ሰማች፣ በግራ ክርኗ ተጋደመች፣ በቀኝ እጇ የሻይ ብርጭቆውን አነሳች። ምንጣፉን እስካሁን እያደረቅን ነው።